ድርቅዬ፣ በቡሬቱና በመዘምራኑ መካከል

የድርቅዬን እውነተኛ ስም የሚያውቁት የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርዷ ብቻ ናቸው። ድርቅዬ ያለቻት አክስቷ ናት። የወተት ጥርሷ ገና ሳይነቀል የጎረቤት መስኮት ተሰብሮ "አንቺ ነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂ" ተባለች። አልሰበረችም፤ ስለዚህ አልጠየቀችም። እስክትጠይቅ ድረስ ብለው ከጎረቤቲቱ ደጃፍ አቁመዋት ሄዱ። ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ሄደ፣ እሷ እንደቆመች ናት። በመጨረሻ አክስቷ በፎጣ ጠቅልላ ወደ ቤት ስትወስዳት "ይቺ ልጅ ዝናብ የማያርሳት ድርቅ ናት" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። ሰው ግትር ሲል ሁሉም ይስቅበታል፤ የገተረው በእውነት ይሁን በሐሰት ግን ተመልሶ የሚጠይቅ የለም። መስኮቱን ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አባቷ የሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ጠባቂ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከእንፋሎት ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ ግራ ጆሮው ጭራሹን ደንቁሯል፣ ቀኙም እንደ ነገሩ ነው። ከእሱ ጋር ማውራት የፈለገ በቀኙ በኩል ተቀምጦ ከንፈሩን ማሳየት አለበት። አንዳንድ ቀን ኮስቲክ ሶዳ ተረጭቶበት የእጁ ቆዳ ተልጦ ይመጣል። ድርቅዬ ቅባት እየቀባችው ትጠይቀዋለች፦ የሰው ቆዳ የሚበላ ነገር እንዴት ሆኖ የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ሳሙና ይሆናል? አባቷ "ከዘይት ጋር ሲቀቀል ቁጣው ይበርዳል" ይላታል። እሱን ይህ መልስ ይበቃው ነበር። እሷን አልበቃትም፤ ያ ሁሉ ቁጣ የት ገባ? ኬሚስትሪን የፈለገችው ይህን ለማወቅ ነው።

ወደ መዝሙር የገባችው ደግሞ ተባርራ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው የልጆች መዘምራን ውስጥ ሳለች መሪውን "ፈጠንክብን" ብላ በሰው ፊት አረመችው። መሪው ተቀየመ፣ ዳግመኛም አትምጪ አላት። እሷ ግን ልምምድ ባለ ቁጥር ትመጣና ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሰውየው ችሎ ችሎ አቃተው። የመለሳት ስለታረመች እንዳይመስላችሁ፤ እንደዚያ ከምታየኝ ብትዘምር ይሻለኛል ብሎ ነው።

ኮሌጅ የገባችው ሌሎች እኩዮቿ ሥራ ከያዙ በኋላ ነው። ኮሌጁ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመው ትንሽ ኮሌጅ ነበር፤ ግቢው መካከል የሣር ሜዳ፣ በአንዱ ወገን የሳይንስ ሕንፃ፣ በሌላው ወገን ጸሎት ቤቱ፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ድርቅዬ በሁለቱም ተመዘገበች፤ በኬሚስትሪም፣ በቤተ ክርስቲያን ሙዚቃም። ደንቡ አልከለከላትም። ያልከለከላት እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ ማንም ስላላሰበ ነው። ጠዋት ስለ አሲድና ቤዝ ትማራለች፤ ከሰዓት ሜዳውን በሩጫ አቋርጣ ስለ አራት ድምፅ አገጣጠም ትማራለች። የኬሚስትሪ ልጆች እመቤት ሃሌሉያ አሏት። መዘምራኑ በበኩላቸው ልብሷ ስለሚሸት አሲድ አሏት። እሷም ከድርቅዬ አይብስም ብላ ለሁለቱም አቤት ትላለች።

ችግሯ እጇ ነበር። ኬሚስትሪ ውስጥ አንድ ሥራ አለ። ቡሬት የሚሉት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሶዳ ተሞልቶ ይቆማል፤ ታችኛው ጫፉ ላይ በጣት የሚዞር መዝጊያ አለው። ከሥሩ አሲድና ቀለም ለዋጭ ጠብታ የያዘ፣ ፍላስክ የሚሉት የመስታወት ብልቃጥ ይቀመጣል። ሶዳው ጠብ ጠብ እያለ አሲዱን ያበርደዋል። አሲዱ ጨርሶ ሲበርድ፣ እስከዚያ ድረስ ውሃ ይመስል የነበረው ፈሳሽ በአንዲት ጠብታ ስስ ሮዝ ይሆናል። ጥበቡ እዚያ ላይ መቆም ነው። ጥቂት ጠብታ ካለፈ ሮዙ ይደምቃል፣ ልኩ ይጠፋል፣ የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም። የድርቅዬ እጅ እዚያች ስስ ቦታ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እየተባለ እስኪተረትባት ስንቱን ፍላስክ ደፋች።

መላውን ያመጡላት የመዝሙር መምህሯ ናቸው። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ኦርጋን ሲጫወቱ ጉንዳን እንደሚረግጥ ሰው እግራቸውን ስለሚያወርዱት ተማሪዎቹ እማማ ፔዳል ይሏቸዋል። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ትንፋሽሽን ስለምታፍኚ ነው፣ መዝሙር ይዘሽ ግቢ፣ ያለ ትንፋሽ የሚዘመር መዝሙር የለም አሏት። እሷም ዝግ ያለ መዝሙር መርጣ በሆዷ እየዘመረች በየምቱ አንድ ጠብታ ማውረድ ጀመረች። እጇ ረጋ። አንዳንዴ መዝሙሩ ከሆዷ አምልጦ በአፍንጫዋ ይወጣል። የኬሚስትሪ መምህሯ፣ ከመናገሩ በፊት ቃሉን ስለሚመዝን ሚዛን የሚባለው ሰው፣ መጀመሪያ ተቆጣት፤ ኋላ ግን ውጤቷን አየና ማጉረምረሙን ትቶ ሌላ ጠረጴዛ መቆጣጠር ጀመረ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። ሦስተኛው ዓመት ሲቃረብ ዲኑ አስጠራት። ከእንግዲህ የላቦራቶሪውና የመዘምራኑ ሰዓት እየተጋጨ ነው፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ አላት። ዲኑ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፋት የሚባል የለበትም። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ሲከለክልህ ቢያንስ ትጣላዋለህ። አልመርጥም አለችው። እንግዲያውስ አለ፣ የሁለቱም የተግባር ፈተና በአንድ ቀን ነው፤ ሁለቱንም ካለፍሽ በሁለቱም ትቀጥያለሽ፤ አንዱን ከወደቅሽ የወደቅሽው ይቀራል። ሲጨርስም "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ብሎ ተረተላት። ድርቅዬ እሺም እምቢም ሳትል ወጣች።

ማታ ለአባቷ ብትነግረው፣ ከዲኑ ጋር ተመካክሮ የመጣ ይመስል ያንኑ ተረት ተረተባት። መዝሙሩን ተይው፣ መዝሙር እሁድ እሁድ ይበቃል፣ ኬሚስትሪው ግን እንጀራ ነው አላት። በቀኝ ጆሮው በኩል ሆና "አልተውም" አለችው። "ምን?" አለ። ደገመችለት። "ምን?" አለ እንደገና። መጀመሪያውኑ እንደሰማት ታውቃለች።

የፈተናው ዕለት ላቦራቶሪው በአሲድ ሽታ ስለታፈነ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለሦስት ሙከራ የሚበቃ አሲድ ብቻ ተሰጠው። የመጀመሪያው ለግምት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መቀራረብ አለባቸው፤ ካልተቀራረቡ ሰውየው ወድቋል። የድርቅዬ ሁለተኛ ሙከራ ልብ ብሎ ያላየ ሰው ሮዝ መሆኑን የማያውቀው ዓይነት ስስ ሮዝ ሆኖ ቆመላት። ሦስተኛውን ጀመረች። በሆዷ እየዘመረች፣ ጠብታውን በምቱ እያወረደች ወደዚያች ስስ ቦታ ተጠጋች።

በዚህ ጊዜ ከሜዳው ማዶ መዝሙር ተነሳ። እሷ ራሷ የምትመራቸው መዘምራን ናቸው፣ ከሰዓት እሷ ለምትፈተንበት ጉሮሯቸውን ሊያሟሹ ነው። መዝሙሩም እሷ በሆዷ የያዘችው ያው መዝሙር ነበር። ችግሩ የሚመራቸው ሌላ ሰው ነው፤ እነሱ ደግሞ እሷ ከሌለች አንድ ሰው ከኋላ እንደሚያባርራቸው ይሮጣሉ። በሆዷ ያለው ዝግታ በጆሮዋ በገባው ሩጫ ተዋጠ። እጇም ልብ ሳትለው ከሩጫው ጋር ሄደ። ዓይኗን ወደ ፍላስኩ ስትመልስ ደም የተበጠበጠበት ይመስላል። በዚያ ክፍል ውስጥ መዝሙሩን ያልሰማ አልነበረም፤ እጁን የሰጠው ግን ከእሷ በቀር ማንም የለም።

አጠገቧ የነበረው ተማሪ አየና አዘነላት። ከሁለተኛው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ጻፊ፣ ማን ያያል ብሎ አንሾካሾከ። አላሰበችውም ብል ውሸት ነው፤ አስባዋለች፣ እስክሪብቶውም እጇ ላይ ነበር። ግን ያልሰበረችውን ሰበርኩ ብላ የማታውቅ ሰው፣ የሰበረችውንም አልሰበርኩም ማለት አያምርባትም። ያነበበችውን ቁጥር እንዳለ ጻፈችው። ከሥሩም "ሦስተኛው ልኩን አልፏል፤ መዘምራኑ ፈጠኑ፣ እጄም ተከተላቸው" ብላ ጨመረችበት። ወረቀቱን አስረከበችና ጋዋኗን ሳታወልቅ ሜዳውን አቋርጣ ጸሎት ቤት ገባች።

መዘምራኑ ፊቷን ሲያዩ የሆነ ነገር እንዳጠፉ ገባቸው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም። የፈተናው ሰዓት ሲደርስ እጇን አነሳች፣ ጀመሩ፣ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ አስቆመቻቸው። ፈታኞቹ ተቀምጠው እያዩ ነው። "እንዲህ ከሮጣችሁ እግዚአብሔርም አይደርስባችሁም" አለቻቸው። ሳቁ፣ ተነፈሱ፣ ረጉ። ከዚያ በኋላ የዘመሩትን ዝማሬ እማማ ፔዳል እግራቸውን ሳያንኳኩ ነው አሉ የሰሙት። የመዝሙሩን ፈተና አለፈች። ኬሚስትሪውን ወደቀች።

ዲኑ ቢሮ ሁለቱም መምህራን ተቀምጠው ጠበቋት። ዲኑ ወረቀቷን ከፊቱ ዘርግቶ፣ እንዳዘነ በሚያስታውቅ ድምፅ ጀመረ።

"መዝሙሩ ኬሚስትሪሽን ያበላሸዋል ብዬ ብነግርሽ አታምኚኝም ነበር። አሁን በራስሽ እጅ ጻፍሽው።"

"የተበላሸው አንድ ፍላስክ ነው እንጂ ኬሚስትሪዬ አይደለም።"

"ተስማምተን ነበር።"

"እርስዎ ተናገሩ፣ እኔ ሰማሁ። መቼ ተስማማሁ?"

ዲኑ መነጽሩን አወለቀ። ድርቅዬ ሌላ ተማሪ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀችው። ይደግማል አላት። እኔስ ብትለው፣ አንቺማ ሁለት ዛፍ ላይ ነሽ አለና ተረቱን ሊደግምላት ሲል አቋረጠችው። ዲንን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ታውቃለች።

"ዛፍ ላይ አልወጣሁም፣ መምህር። እኔ መሬት ላይ ነኝ። መሬት ላይ ሰው የሚሄደው በሁለት እግሩ ነው። አንዱን ቁረጪ የሚሉኝ ለምንድን ነው?"

እማማ ፔዳል ሳቃቸውን በመሐረብ ያዙ። ዲኑ ወደ ሚዛን ዞሮ፣ የወደቀችው አንተ ጋ ነው፣ ምን ትላለህ አለው። ሚዛን እንደ ልማዱ ቃሉን ሲመዝን ቆየ።

"ዘንድሮ ከፈተንኳቸው ሁሉ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያልገጠመለት የእሷ ወረቀት ብቻ ነው" አለ። "የሌሎቹ ሁሉ ያምራል። ያ ሁሉ ማማር ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ደስ አይለኝም። ልጅቷ ትድገም።"

ዲኑ ብዙ ካሰበ በኋላ እሺ አለ። ግን ይህ የመጨረሻ ነው፤ ዳግም ከወደቀች ኬሚስትሪ በቃ፣ ክርክርም አይሰማም። ሚዛን ደግነቱን ሊጨምርላት ፈልጎ፣ ጠዋት ማንም ሳይመጣ፣ መስኮቱ ተዘግቶ እፈትንሻለሁ አላት።

"መስኮት ተዘግቶ ባልፍ ዝም ሲሉላት አለፈች ነው የምባለው" አለች። "በመዘምራኑ ልምምድ ሰዓት ይሁን። መስኮቱም ይከፈት።"

ሚዛን ይህን መመዘን አቃተው። እማማ ፔዳል መሐረባቸውን ከአፋቸው አንስተው "ልጄ፣ አንዳንዴ እኮ ሰው በሩ ሲከፈትለት ዝም ብሎ ይገባል" አሏት። ሰሚ አላገኙም። ይህ ትዕቢት ነው የሚል አይጠፋም። ይበል። በሰው ዝምታ ላይ የቆመ ነገር ሰው ባሳለ ቁጥር እንደሚወድቅ ያየ እንደዚያ አይልም።

ቤት ገብታ በአባቷ ቀኝ ተቀመጠች። ከንፈሯን እያየ ሁሉንም ሰማ። ብዬሽ ነበር ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላለም። እንግዲያው ያን ዕለት ዝም በሉ በያቸዋ አላት። አልላቸውም አለችው። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ ሌላ ነገር ሳይጨምር ተነስቶ ተኛ። እሷ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በአፏ እንደዚያ ትበል እንጂ ፈርታለች። በቀሩት ቀናት ላቦራቶሪው ባዶ ሲሆን እየገባች፣ መስኮቱን ከፍታ፣ እነሱ ሲሮጡ እሷ ዝግ ለማለት ትታገላለች። አንዴ ቢሳካላት ሁለቴ ይደፋባታል።

ዕለቱ ደረሰ። ላቦራቶሪው ውስጥ ሚዛንና እሷ ብቻ ናቸው፤ ዲኑም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የመጀመሪያውን ሠራች። ሁለተኛው ስስ ሮዝ ላይ ቆመ። ሦስተኛውን ስትጀምር የልምምዱ ሰዓት ደረሰ፣ እሷም ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ምንም የለም። ጠብታ ለቀቀች፣ አሁንም ምንም የለም። ኦርጋኑ የለ፣ ማሟሻው የለ፣ ማዶው ቤት ሰው ያለበት አይመስልም። ሚዛን ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ "ቀጥይ" አላት። ማንም ሌላ ሰው ተመስገን ብሎ በዚያው ይጨርስ ነበር። ድርቅዬ መዝጊያውን ዘጋችና ወደ መስኮቱ ሄደች።

የጸሎት ቤቱ በር ክፍት ነው። መዘምራኑ መዝሙር መጽሐፋቸውን እንደዘረጉ፣ አፋቸውን እንደዘጉ ቆመዋል። እማማ ፔዳል ኦርጋኑ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ደጃፉ ላይ አንድ ሰው የፋብሪካ ቱታ ለብሶ፣ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ፣ አንድ እጁን ሽቅብ አንስቶ ቆሟል። አባቷ ነው። ፈረቃውን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሮ መጥቶ፣ ለልጄ ብላችሁ ዛሬን ብቻ አፋችሁን ያዙልኝ ብሎ ለምኗቸዋል። ጆሮውን ስለማያምነው፣ ማንም አጭበርብሮ ቀስ ብሎ እንዳይዘምር ከንፈር ከንፈራቸውን እየተመለከተ ይጠብቃል።

አንጀቷን በላው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ፣ ይህን ስጦታ ተቀብላ፣ በአባቷ ዝምታ ውስጥ ማለፍ አማራት። በዕድሜዋ ማንም እንዲህ ቆሞላት አያውቅም።

"አባዬ!" አለች።

የት ይሰማል። ደግማ ጮኸች። መዘምራኑ አይተዋት በአገጫቸው አመለከቱት፤ ዞረ። ከሜዳው ማዶ እንዲታየው ከንፈሯን አስፍታ፣ ቃሉን እየቆራረጠች ተናገረች።

"ልቀቃቸው። ይዘምሩ።"

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። እሱ እጁን ከፍ አድርጎ እንደያዘ፣ እሷ የመስኮቱን ጠርዝ እንደጨበጠች ተፋጠጡ። ዲኑ በሩ ላይ ሆኖ አንዴ አባትየውን አንዴ ልጅቷን አየ፤ ድርቅናው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው። መጨረሻ ላይ የአባቷ ትከሻ ወረደ። ወደ መዘምራኑ ዞረና፣ ቦይለር ቤት ውስጥ ጓደኞቹን እንፋሎቱን ልቀቁት በሚልበት አኳኋን ክንዱን ከታች ወደ ላይ ወረወረው።

ለቀቁት። መሪ የለም፣ ልክ የለም፣ ታፍኖ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እንደዚያ ሮጠውም አያውቁም። ድርቅዬ ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ መዝጊያውን ያዘች። በሆዷ የያዘችውን መዝሙር ፈለገችው፣ አጣችው። ስለዚህ አፏን ከፈተችና ጮክ ብላ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ በዲኑ ፊት፣ በራሷ ምት ዘመረች። እነሱ ሁለት ስንኝ ሲያልፉ እሷ አንዱን አልጨረሰችም። በየምቱ አንድ ጠብታ። አንዷ ጠብታ ወረደች፣ ፍላስኩ ውስጥ ትንሽ ሮዝ ታየና ጠፋ። ሌላዋ ወረደች፣ ሮዙ ሳስቶ ቆመ። ዘጋችው።

ሚዛን ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ፣ ከሁለተኛው ጋር አስተያየ፣ ወረቀቱን ለዲኑ አቀበለው። ዲኑ አይቶ ፈረመበት። ተረት አልተረተም።

ሜዳው መሐል አባቷ ቆሞ አገኘችው። በቀኙ በኩል ዞረች።

"ረበሹሽ?" አላት።

"ረበሹኝ።"

"እና?"

"አለፍኩ።"

አባቷ እንዳልሰማ ሆኖ "ምን?" አለ። ደገመችለት። "ምን?" አለ እንደገና፤ ዓይኑ ግን ሞልቷል። ሦስተኛ ጊዜ አልነገረችውም። ጋዋኗን አውልቃ አስያዘችውና ወደ ጸሎት ቤቱ ገባች፤ መዘምራኑ አሁንም እየሮጡ ነው፣ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋል።